መለያ የሌለው ድንጋይ፦ የቀድሞዎቹ የሥነ ምድር አጥኚዎች ምን ጻፉልን፣ እኛስ ምን እየጻፍን ነው?

(በጉርድ ሾላ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ድንጋዮች ተቀምጠዋል። ገለጻው ሲያበቃ ቀርባችሁ ልትዳስሷቸው ትችላላችሁ። አንደኛው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ከዚህ አዳራሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከሚቆፈር የሕንፃ መሠረት፣ የጥበቃ ሠራተኛውን አስፈቅጄ ያመጣሁት ነው። ሁለተኛው ከማስተማሪያ ናሙናዎቻችን የተወሰደ ሲሆን፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው የዓባይ ሸለቆ መንገድ ዳር የተገኘ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ፊቱ ላይ የባሕር ዛጎሎች ይታያሉ። ሦስተኛውም የኖራ ድንጋይ ነው። እርሱም ዛጎል አለበት፤ እንዲያውም ዛጎሎቹ ከሁለተኛው ይልቅ ጥርት ብለው ይታያሉ። ነገር ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከመሬት ያነሣሁት ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን እኔው ራሴ ነኝ።

ወደዚህ ሦስተኛ ድንጋይ እመለሳለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ፤ የምጠቅሳቸው መጻሕፍትና ካርታዎች በውጭ አገር የታተሙ ስለሆኑ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናገራለሁ።

ጉርድ ሾላ የሚለውን ስም የምታውቁት ምናልባት ከባቡር ጣቢያው ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው የሰፈሩ መታወቂያ የተቆረጠ ሾላ ነበር፤ ዛሬ ዛፉ የለም፣ ስሙ አለ። ከሕንፃዎቹ መካከል ክፍት ቦታ ባገኛችሁ ጊዜ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብትመለከቱ የረርን ታያላችሁ፤ ወደ ሰሜን ዞር ብትሉ የእንጦጦ ሰንሰለት አለ። ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው። እግራችን ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይና ከእሳተ ገሞራ አመድ የተጋገረው ቀላል ድንጋይ ዕድሜያቸው በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ነው፤ የእንጦጦ አለቶች ከዚህ በጣም ይበልጣሉ፣ ሃያ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። የኮብልስቶን መንገዳችን፣ የአጥራችን ግንብ፣ የአሮጌ ቤቶቻችን ጥርብ ድንጋይ፣ ሁሉም ከዚህ ቤተሰብ የወጡ ናቸው። በሥነ ምድር ቋንቋ ስንናገር አዲስ አበባ ገና ልጅ ናት።

የአገሪቱን የመሬት ታሪክ በጽሑፍ ማስፈር የተጀመረው ግን እዚህ አልነበረም፤ በሰሜን ነው፤ ያስጀመረውም ጦርነት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት በ1868 የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነሥቶ እስከ መቅደላ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ፣ ከሠራዊቱ ጋር አንድ የሥነ ምድር ባለሙያ ነበር፤ ዊልያም ብላንፎርድ ይባላል። የመጣው ከሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ነው። በሕንድ የደካን አምባ ላይ ያለውን ሰፊ የጥቁር ድንጋይ ንብርብር አስቀድሞ ያውቅ ስለነበር፣ የእኛን ደጋ ሲያይ ለዓይኑ እንግዳ አልሆነበትም። በ1870 ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ከታች ወደ ላይ እንደ ደረጃ የተደራረቡትን አለቶች ለይቶ ጻፈ፤ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የአንጣሎ ኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም በላይ ያለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለሁለት ከፍሎ የታችኛውን የአሻንጌ ምድብ፣ የላይኛውን የመቅደላ ምድብ አለው።

እነዚህን አራት ስሞች ልብ በሉልኝ። ዛሬ አንድ የኢትዮጵያ ተማሪ የመጀመሪያ ዓመት የሥነ ምድር ትምህርቱን ሲጀምር የሚያጠናቸው ስሞች ናቸው። ከመቅደላ የተወሰዱት የብራና መጻሕፍት ይመለሱ አይመለሱ እስከ ዛሬ እንከራከራለን፤ በዚያው ዘመቻ የተጻፈው የድንጋይ ስም ግን በእኛው አፍ ውስጥ ቀርቷል። ዝርፊያውና እውቀቱ በአንድ መንገድ፣ በአንድ የበቅሎ ሰልፍ ነው የሄዱት። ይህን ስናገር ብላንፎርድን ለመክሰስ አይደለም፤ ሥራው የተጣራ ሥራ ነው። ሆኖም እውቀቱ በምን ሁኔታ እንደተወለደ ማወቅ ለተማሪ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ብላንፎርድ ትቶልን ያለፈው ትልቁ ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ ስሞቹ አይደሉም። የሄደበትን መንገድ ጽፎ መተዉ ነው። «አዲግራት» ሲል የትኛውን ገደል እንደሚል ተመልሶ ሄዶ ማየት ይቻላል። ተሳስቶ ከሆነ ስሕተቱን እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ማረም ይቻላል። ደግሞም ታርሟል። ለምሳሌ «አንጣሎ» ያለው የአገሩ ሰው ሕንጣሎ የሚለውን ቦታ ነው፤ ጆሮው የያዘለትን ጻፈ፤ የዓለም ሥነ ጽሑፍም እስከ ዛሬ በዚያው አጻጻፍ ይቀጥላል። ከዚህ የከበደው ስሕተት ደግሞ የእርሱ ሳይሆን የተከታዮቹ ነው። «አሻንጌ» የሚለው ስም ከአሻንጌ ሐይቅ ዙሪያ ወጥቶ በመላው ደጋ ላይ ተለጠፈ፤ ከታች ያለ ጥቁር ድንጋይ ሁሉ አሻንጌ ተባለ። አንድ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1970ዎቹ የፓዶቫው ብሩኖ ዛኔቲንና ባልደረቦቹ የድንጋዮቹን ዕድሜ በላቦራቶሪ ሲለኩ፣ በአንድ ስም የሚጠሩት ድንጋዮች በየቦታው የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ሆነው ተገኙ። ዛሬ የምናውቀው፣ የሰሜን ምዕራቡ ደጋ ግዙፍ የጥቁር ድንጋይ ክምር፣ በአንዳንድ ቦታ ሁለት ሺህ ሜትር የሚደርሰው፣ አብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ፣ አንድ ሚሊዮን ዓመት በሚያህል ጊዜ ውስጥ መሆኑን ነው። ለሥነ ምድር ሰው አንድ ሚሊዮን ዓመት አጭር ነው ስል ፈገግ የሚሉ ተማሪዎች አያለሁ፤ ትለምዱታላችሁ።

በሸዋ በኩል ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ከ1883 እስከ 1885 ባለው ጊዜ፣ ኦብሪ የሚባል ፈረንሳዊ የማዕድን መሐንዲስ አገሩን ዞሮ ነበር። የሰበሰባቸውን የባሕር ቅሪተ አካላት ሄንሪ ዱቪዬ ፓሪስ ላይ መርምሮ በ1886 አሳተመ። እንግዲህ የሸዋ ሰው በሸለቆው ግርጌ የሚያየው ነጣ ያለ ድንጋይ፣ ዳይኖሰሮች በነበሩበት በጁራሲክ ዘመን ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ገብቶ የአገራችንን ሰፊ ክፍል የሸፈነ ባሕር ወለል መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁለተኛው ድንጋይ የዚያ ባሕር ቁራሽ ነው፤ ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናል። የሙገር ሲሚንቶ የሚሠራበትም ይኸው ድንጋይ ነው። በዚህ ሰፈር የሚቆሙት ፎቆች፣ እንግዲህ፣ በአንድ በኩል በእሳተ ገሞራ ላይ ተተክለው በሌላ በኩል ከባሕር ዛጎል የተፈጨ ሲሚንቶ የተሠሩ ናቸው።

አሁን ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እንሻገር። የባቡር ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አጥኚዎች በቀላሉ ይመላለሱ ጀመር። ሐዲዱ ድሬዳዋ በደረሰበት በዚያው ዓመት፣ በሩቅ ደቡብ ኦሞ ወንዝ ቆላ ውስጥ አንድ ነገር ተከናወነ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቪኮንት ሮቤር ዱ ቡር ደ ቦዛስ የሚባል ፈረንሳዊ ባላባት በ1901 ጉዞ አደራጅቶ ከጅቡቲ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ደቡብ ወረደ። ከጉዞው ጋር ኤሚል ብሩምፕት የሚባል ሐኪም ነበር፤ በኋላ በጥገኛ ተሕዋስያን ጥናት ስሙ የገነነ ሰው ነው። በ1902 ወደ ቱርካና ሐይቅ ሲቃረቡ፣ በኦሞ ታችኛው ሸለቆ ከአፈሩ የወጡ የጥንት እንስሳት አጥንቶች አገኙ፤ የሰበሰቡትም ወደ ፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተላከ። ቦዛስ ራሱ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮንጎ ውስጥ በመንገድ ሞተ። አጥንቶቹ ግን ተናገሩ። በሙዚየሙ ያዩአቸው ሰዎች ቦታውን አልረሱትም፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ካሚል አራምቡር ከሁለት ባልደረቦቹ ከዣኔልና ከሻፑዊ ጋር በ1932 እና በ1933 ወደ ኦሞ ሄዶ እጅግ ብዙ ቅሪተ አካል ሰበሰበ። ውጤቱን እስከ 1948 ድረስ በተከታታይ አሳተመ።

አራምቡር በዚያ ጉዞ ዝሆን አገኘ፣ ጉማሬ አገኘ፣ አዞ አገኘ፤ የሰው ዘር ቅሪት ግን አላገኘም። ይህን የምነግራችሁ ጉድለቱን ለማውጣት አይደለም። ካርታውን ሠርቶ፣ ንብርብሩን ገልጾ፣ ቦታውን መዝግቦ ስለተወ፣ በ1967 ዓለም አቀፉ የኦሞ ጥናት ቡድን ሲቋቋም ሥራው ከባዶ አልተጀመረም። አራምቡርም በ82 ዓመቱ ተመልሶ መጣ። በዚያው ዓመት እርሱና ኢቭ ኮፐንስ የሚመሩት ቡድን ጥርስ የሌለው የጥንት ሰው መሰል የታች መንጋጋ አገኘ። ሪቻርድ ሊኪ የመራው ሌላው ክፍል ደግሞ ኪቢሽ ላይ ዛሬ ኦሞ አንድ የምንለውን የእኛን የራሳችንን ዝርያ ቅሪት አገኘ። የዚህ ቅሪት ዕድሜ ለብዙ ዓመታት 195 ሺህ ዓመት ይባል ነበር፤ በ2022 የወጣው ጥናት ግን ከበላዩ ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ ከሻላ ጋር አዛምዶ ቢያንስ ወደ 230 ሺህ ዓመት ገደማ ከፍ አደረገው። ሻላ ሐይቅን ለመዝናናት የምትሄዱ ሰዎች፣ የቆማችሁበት የእሳተ ገሞራ አፍ በሩቅ ኦሞ የወደቀ አመድ ምንጭ መሆኑን ብታስቡት ደስ ይለኛል።

አንድ ሐኪም በጉዞ ላይ አጥንት አንሥቶ፣ «እዚህ ቦታ» ብሎ ጻፈ። ሠላሳ ዓመት፣ ከዚያ ሠላሳ አምስት ዓመት፣ ከዚያ ሌላ ሃምሳ አምስት ዓመት አለፈ፤ ሰንሰለቱ ግን አልተበጠሰም። አጥንቱ ብቻውን ወደ ፓሪስ ሄዶ ቢሆን፣ ቦታው ባይጻፍ፣ ይህ ሁሉ ባልተከተለ ነበር።

ነገር ግን መለካትና መጻፍ ሁልጊዜ ለእውቀት ብቻ አልነበረም፤ ይህንንም መሸፋፈን አይገባም። በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠሩ የሚል አንቀጽ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1920 እና በ1921 የሱዳን መንግሥት የሥነ ምድር ባለሙያ ግራብሃም ከብላክ ጋር ጣናን አጠና፤ ዘገባው በ1925 ካይሮ ላይ ታተመ። የጥናቱ ዓላማ ሐይቁን እንደ ውኃ ማጠራቀሚያ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ማወቅ ነበር። የጣና ዳርቻ ድንጋይ በእንግሊዝኛ ተገልጾ፣ በግብፅ ታትሞ፣ ስለ ኢትዮጵያ ውኃ ሲወሰን፣ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ኢትዮጵያዊ የሥነ ምድር ባለሙያ አልነበረም። ስለ ዓባይ የምንከራከር ሁሉ፣ ክርክሩ በከፊል የድንጋይ ክርክር እንደነበረ ልናስታውስ ይገባል።

በምሥራቅ በኩል በአጭሩ ልለፍ። ፈረንሳዊው ካህንና የቅሪተ አካል ሊቅ ቴያር ደ ሻርዳን በ1928 መጨረሻና በ1929 መጀመሪያ ሐረርንና ድሬዳዋን ጎብኝቷል፤ ከሌሎች ጋር የጻፈው የሥነ ምድር ጥናት በ1930 ታተመ። ያን ጊዜ የታየችው፣ ድሬዳዋ አጠገብ በኖራ ድንጋይ ገደል ላይ ያለችው የጃርት ዋሻ፣ በ1933 ተቆፍራ የድንጋይ መሣሪያዎችና የሰው መንጋጋ ስባሪ ተገኝቶባታል።

በዚያው በ1933 ጁሴፔ ስቴፋኒኒ ፊሬንዜ ላይ የኤርትራን፣ የሶማሊያንና የኢትዮጵያን የሥነ ምድር ካርታ ሙከራ አሳተመ። መጠኑ አንድ ለሁለት ሚሊዮን ነው፤ ማለትም በወረቀቱ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ ሃያ ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚህ መጠን አዲስ አበባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። ካርታው በወጣ በሁለት ዓመቱ ወረራው መጣ። ከወረራው ጋር መዶሻ የያዙ ሰዎችም መጡ፤ ሜርላና ሚኑቺ ትግራይን አጥንተው በ1938 አሳተሙ፤ ዳይኔሊ በ1937 የጣናን የጥናት ጉዞ መራ፤ በ1943 ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካን ሥነ ምድር በአራት ቅጽ አወጣ። እነዚህን ሥራዎች ለተማሪዎቼ ስሰጥ እጄ ትንሽ ይከብደኛል። ሥራዎቹ ጥሩ ናቸው፤ የሜርላና የሚኑቺን የትግራይ ንብርብር ገለጻ ዛሬም በእጄ ይዤ ብሄድ አያሳስተኝም። በዚያው ዓመት በዚያው ተራራ ላይ የሆነውን ግን አያቶቻችን ያውቁታል። መጽሐፉን አንብቡ እላለሁ፤ ዓመቱንም አንብቡ እላለሁ።

ስለ እነዚህ ሁሉ መጻሕፍት አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በሽፋናቸው ላይ የመንገድ መሪ ስም አይገኝም። ነገር ግን አጥኚው ሜዳውንና ገደሉን፣ ውኃ ያለበትንና የሌለበትን፣ የቦታውን ስም ጭምር የሰማው ከአገሩ ሰው ነው። ድንጋይን ማወቅ እዚህ አገር ያመጡት እነርሱ አይደሉም። የአፋር ሰው የጨውን ንብርብር በልኩ ሰንጥቆ አሞሌ ያደርገዋል። ቆዳ ፋቂው ባልጩትን ከየትኛው ኮረብታ እንደሚያመጣ ያውቃል። ላሊበላን የፈለፈለ ሰው ከእሳተ ገሞራ የወጣው ድንጋይ የትኛው ለመሮ እንደሚመች ሳያውቅ አልጀመረም። ይህ እውቀት አልተጻፈም እንጂ አልታጣም።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው ድንጋይ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ገና ወጣት ሳለሁ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የዓባይን፣ የጀማንና የሙገርን ሸለቆዎች በአንድ የበጋ ወር ዞርን። በአንደኛው ሸለቆ ውስጥ አንድ አዛውንት ገበሬ መንገድ መሩን። እኔ መዶሻዬን ይዤ ከታች ካለው ቢጫ ድንጋይ ጋር ስታገል ቆመው አዩኝና «ልጄ፣ እዚያ አትድከም፤ ዛጎሉ ያለው ከዚያ ከሁለተኛው እርከን በላይ ነው» አሉኝ። «አባቴ፣ እንዴት ዐወቁ?» ብላቸው፣ «ከብት ስጠብቅ ያደግሁበት ነው፤ የጥፋት ውኃ ጊዜ የቀረ ነው ይሉን ነበር» አሉ። ወጣን፤ እንዳሉትም አገኘነው። ይህን ድንጋይ ያነሣሁት ያን ዕለት ነው።

መሽቶ ነበር፤ ደክሞኝም ነበር። ማታ እጽፈዋለሁ ብዬ ድንጋዩን በጨርቅ ከረጢት ከተትሁት። ማታ አልጻፍሁም። በማግሥቱ ሌላ ሸለቆ፣ ሌላ ከረጢት። ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ከረጢቶቹ በጭነት መኪና ላይ ተደባለቁ። ድንጋዩ ከሦስቱ ሸለቆዎች የየትኛው እንደሆነ ዛሬ መናገር አልችልም፤ የአዛውንቱንም ስም አልጻፍሁም። ብላንፎርድን በልቤ «የመንገድ መሪዎቹን ስም ረሳ» እያልሁ የምወቅሰው ሰው፣ እኔም ረሳሁ። እርሱ ቢያንስ ቦታውን ጽፏል።

ድንጋዩን ለምን እንደማልጥለው ተማሪዎች ይጠይቁኛል። ያምራል። ነገር ግን ለሳይንስ የሚሰጠው ምንም የለም። ዛጎሉ የየትኛው ንብርብር እንደሆነ ካልታወቀ፣ የባሕሩን መግቢያና መውጫ ጊዜ ሊነግረን አይችልም፤ ከሌላው ሸለቆ ጋር ሊነጻጸርም አይችልም። በአንድ የናሙና መጋዘን ውስጥ እንዲህ ያሉ ድንጋዮች በሣጥን ሙሉ አይቻለሁ፤ የሰበሰቡት ሰዎች ጎበዞች ነበሩ፣ ወረቀቱ ግን በእርጥበት ጠፍቷል ወይም ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ ሥራው ቀስ በቀስ ወደ አገር ቤት መምጣቱን ላስታውስ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ፖል ሞር በ1962 የኢትዮጵያን ሥነ ምድር በአንድ መጽሐፍ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ላይ አሳተመ። በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በ1973 ካዝሚን ያዘጋጀው የአገሪቱ ካርታ ወጣ፤ መጠኑ እንደ ስቴፋኒኒ አንድ ለሁለት ሚሊዮን ነበር። በ1996 ሁለተኛው እትም ሲወጣ ማብራሪያውን የጻፉት መንግሥቱ ሳይሆን ሰዎች ናቸውና ስማቸውን ልጥራ፤ መንገሻ ተፈራ፣ ታዲዎስ ቸርነትና ወርቅነህ ሐሮ። የወረቀቱ መጠን ስልሳ ዓመት ሙሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መሬቱን በእግሩ የሄደበት ሰው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን ትንሽ የሚመስል አንድ ነገር ነው። ከአሸዋ ድንጋዩና ከኖራ ድንጋዩ መካከል፣ በዓባይ ሸለቆ፣ ጂፕሰም ያለበት የተለየ ንብርብር አለ። በ1981 ፕሮፌሰር ጌታነህ አሰፋ ይህን ንብርብር ራሱን ችሎ እንዲቆም አድርገው የጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን ብለው ሰየሙት። ከብላንፎርድ መጽሐፍ 111 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬ በማንኛውም አገር ስለ ዓባይ ተፋሰስ የሚጽፍ ሰው ይህን ስም ሳይጠቅስ አያልፍም፤ ጆሮው የተሳሳተ የውጭ ሰው ያጣመመው ስም አይደለምና አጻጻፉም ቀና ነው።

ገና ያልታየ ብዙ አለ። ጎንደር አካባቢ ጭልጋ ላይ፣ ከጥቁር ድንጋዩ ንብርብሮች መካከል የተቀበረ የሐይቅና የረግረግ ደለል አለ፤ የድንጋይ ከሰሉ ከቆየ ጀምሮ የታወቀ ነበር። ከዚያ ደለል ውስጥ የወጡ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የጥንት ዝሆን ዘመዶችና ሌሎች አጥቢዎች ለዓለም የተገለጹት ግን በ2003 ነው። የአፍሪካ አጥቢዎች ታሪክ ውስጥ ባዶ የነበረ ገጽ የተሞላው ሰው ሁሉ በሚያውቀው ቦታ ላይ ነው።

አሁን ወደዚህ ሰፈር ልመለስና ላብቃ። ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ በአንድ ጊዜ ስንት የመሠረት ጉድጓድ እንደሚቆፈር ታያላችሁ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ለሥነ ምድር ሰው የተከፈተ መጽሐፍ ነው። ከላይ ጥቁሩ ኮትቻ አፈር፣ ከዚያ የተበላሸው ድንጋይ፣ ከዚያ ጠንካራው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ በሁለት የድንጋይ ፍሰቶች መካከል ቀይ የተጠበሰ አፈር ይታያል፤ ይህም በአንዱ ፍንዳታና በሌላው መካከል መሬቱ አርፎ እንደነበረ ምልክት ነው። ይህ ሁሉ የሚታየው ለጥቂት ሳምንታት ነው። ከዚያ ብረትና ኮንክሪት ይገባበታል፤ ሕንፃው እስካለ ድረስም ማንም አያየውም። ቦዛስ ኦሞን አንድ ጊዜ አልፎ ሄዶ ጻፈ፤ እኛ በየዕለቱ በሚኒባስ እናልፈዋለን፤ አንጽፍም።

በዚህ ዓመት ከተማሪዎቼ ጋር የጀመርነው ነገር ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በሚኖርበት ሰፈር አንድ የተከፈተ ጉድጓድ ይመርጣል፤ ተቆጣጣሪውን በአክብሮት ያስፈቅዳል፤ የደኅንነት ቆብ ሳያደርግ አይገባም። ጥልቀቱን ይለካል፤ ንብርብሩን ይሥላል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ቦታውን በስልኩ ይመዘግባል። በመጨረሻም ያሳየውን ሰው ስም፣ ሰውየው ከፈቀደ፣ ይጽፋል። ይህ የመጨረሻው ነገር በውጤት አሰጣጡ ውስጥ ነጥብ አለው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ለምን ነጥብ ይሰጠዋል ብለው ጠይቀውኛል። መልሴ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው።

እስካሁን አሥራ ሰባት ጉድጓዶች ተመዝግበዋል። ጥቁሩ ድንጋይ ከአሥራ ሰባተኛው የመጣ ነው፤ ወረቀቱ ከሥሩ ተጣብቋል፤ ዕለቱ፣ ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ የጥበቃ ሠራተኛው ስም። ሦስተኛው ሥር ግን አንድ ቃል ብቻ ነው የጻፍሁት፤ «አላውቅም»።

ጥያቄ ካላችሁ፣ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።